ሰው የላከልን ዘመድ «የእኔስ ነገር?» ሲል ምን ትላላችሁ? (ቤት ለምታሻሽጡ)

የሲልቨር_ስፕሪንጓ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሪል እስቴት ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

የባለቤቴ አጎት በቤተ ክርስቲያንም በዕድርም ቃላቸው የሚከበር ትልቅ ሰው ናቸው። የኤጀንትነት ላይሰንስ (ቤት የማሻሻጥ ፈቃድ) ካወጣሁ ጀምሮ ቤት ፈላጊ ሰው ይልኩልኛል፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። በቅርቡ የላኳቸው ባልና ሚስት ሎሬል ላይ ታውንሃውስ ገዝተው ክሎዝ አደረጉ (ግዢውን ጨረሱ)። ብዙም ሳይቆይ አጎታችን ደወሉልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» ካሉ በኋላ ጥያቄው ተከታተለ፦ ስንት ገዙት? ባንኩ ስንት ፈቀደላቸው? ዳውን ፔይመንቱን (ቅድመ ክፍያውን) ከየት አመጡት? ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ «መቼም ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የእኔን ነገር አትርሺ» አሉኝ።

ገንዘብ መስጠት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ፤ ብሮከሬም (የምሠራበት ቢሮ ኃላፊ) አስረግጦ ነግሮኛል። የቸገረኝ አነጋገሩ ነው። አጎታችን ክፉ አስበው አይደለም፤ ደግሞም ያሳደጉን ሰው ናቸው።

ይህ ሳያልቅ ሌላ ሰው ልከዋል። ሰውየው ከአንዲት ሐበሻ ኤጀንት ጋር ቤት ሲያይ የከረመ ነው። «እሷን ተዋትና የእኛ ልጅ ጋ ሂድ» ብለውታል።

ዘመድ ሳይቀየም፣ ሕግም ሳይጣስ እንዴት ነው የምትይዙት?

የአሌክሳንድሪያው

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልበል፤ ብዙ ሰው በደንብ ስለማያውቀው። ሬስፓ የሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ ክፍል 8 (ከኪራይ ድጎማው ሴክሽን ኤይት ጋር እንዳይምታታባችሁ) በባንክ ብድር በሚገዛ ቤት ላይ ደንበኛ በመላክ ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለው ነገር መስጠትና መቀበልን ይከለክላል። ልብ በሉ፣ መቀበልም ነው። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። ስለዚህ ለጋሼ ፖስታ ብትሰጪያቸው አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እሳቸውም ተጠያቂ ናቸው። በዚህ ላይ የየስቴቱ የላይሰንስ ሕግ አለ፤ ላይሰንስ ለሌለው ሰው ከኮሚሽን ማካፈል ክልክል ነው።

ሕጉ የፈቀደው መንገድ ከኤጀንት ወደ ኤጀንት ያለው ነው። ያውም ቼኩ ከብሮከር ወደ ብሮከር ነው የሚሄደው።

ሃያ_ዓመት_በሪልተርነት (ፌርፋክስ)

እህቴ፣ ሕጉን ወንድማችን ነግሮሻል። አንቺ የጠየቅሽው ግን አነጋገሩን ስለሆነ እኔ እሱ ላይ ልቆይ።

ሰው እንደተላከልኝ ስሰማ ለገዢው ከመደወሌ በፊት ለላከው ሰው እደውላለሁ። ቴክስት አላደርግም። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ቤታቸው እሄዳለሁ። የምላቸው ከሞላ ጎደል ይህን ነው፦

«ጋሼ፣ አምነው ሰው ስለላኩልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደ ቤተሰቤ አድርጌ ነው የምይዛቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎት። ሰው ስለላኩልኝ ገንዘብ ብሰጥዎት እኔ ላይሰንሴን አጣለሁ፣ እርስዎንም ጣጣ ውስጥ እከትዎታለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ስለ ገንዘባቸውና ስለ ቤቱ የሚነግሩኝ ሁሉ እኔው ጋ ይቀራል። ነገ የእርስዎ ልጅ ቤት ሊገዛ ቢመጣ የእሱንም እንደዚሁ ነው የምጠብቀው።»

የልጃቸው ነገር ሲነሳ የማይገባው ሰው አላጋጠመኝም። የራሱ ልጅ ደመወዝና ዕዳ በዕድር ስብሰባ እንዲወራ የሚፈልግ ወላጅ የለም።

አንቺ ዘንድ ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለመጣ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። ምክሬ፣ ባለቤትሽን አማላጅ አድርገሽ አትላኪው። እሱ ከሄደ ነገሩ የቤተሰብ ቅሬታ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ «ሚስቱ ገንዘብ ከለከለችኝ» የሚል ወሬም ይወጣበታል። አብሮሽ ይሂድ፣ ቡናውን ይጠጣ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። ሕጉንም «ብሮከሬ ከለከለኝ» ብለሽ አታቅርቢው። እንዲያ ካልሽ ከብሮከሩ ደብቀሽ እንድትሰጫቸው መንገድ የከፈትሽላቸው ይመስላቸዋል። «ሕጉ ይከለክለኛል፣ እኔም ልጥሰው አልፈልግም» በይ።

ለበዓል የምትወስጅላቸውን ነገር አታቋርጪ። ሐኪም ቤት ታደርሻቸው ከነበረ አሁንም አድርሻቸው። ይህ የቤተሰብ ወግ ነው፤ ሰው ላኩም አልላኩም የምታደርጊው። በክሎዚንግ ማግስት ተሸክመሽ የምትሄጂው ስጦታ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ቦሌ_ነኝ (አዲስ አበባ)

እኔ በድለላ የምተዳደር ነኝ፤ ጋሼን ለምን እንዳትቀየሟቸው ልናገር። እዚህ አንድ ቤት ሲሸጥ መሀል ላይ ብዙ ሰው አለ። ቤቱን ያወቀው፣ ለሌላ ደላላ የነገረው፣ ገዢውን ያመጣው፣ ሁሉም ድርሻ አለው፤ ድርሻውን የከለከሉት ሰው ሐቁን እንደተበላ ነው የሚቆጥረው። ዘበኛውና ባለ ሱቁ ሳይቀሩ «እኔ ነኝ የጠቆምኩት» ይላሉ፤ ይሰጣቸዋልም። ጋሼ ይህን ይዘው ነው የሄዱት። ስለዚህ «ስግብግብ» ተብለው እንዳይታሰቡ። የሚያውቁትን ሥርዓት ነው የጠየቁት።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ወንድሜ ቦሌ፣ ተባረክ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ እሱም ልክ እንደዚህ ነው ያለው። እኅቴ ከፌርፋክስ፣ «ባለቤትሽን አማላጅ አድርገሽ አትላኪው» ያልሽው ገብቶኛል፤ እሁድ አብረን እንሄዳለን። ግን ሽያጩ ስንት እንደሆነ ደግመው ቢጠይቁኝስ? ዋጋው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል እኮ። አላውቅም ማለት ውሸት ነው፤ አልናገርም ማለት ደግሞ ንቀት ይመስላል።

ሃያ_ዓመት_በሪልተርነት (ፌርፋክስ)

የሽያጭ ዋጋ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። ቢሆንም ከአንቺ አፍ አይውጣ። «ጋሼ፣ እነሱ ቢነግሩዎት ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን የደንበኛዬን ነገር ማውራት አልችልም» በቂ ነው። ዋጋውን ከነገርሻቸው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ባንኩ ስንት ሰጣቸው?» ነው፤ እዚያ ላይ ማቆም ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብድሻል። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታሽ ደግሞ ክሎዚንግ አለቀ ብሎ አያበቃም።

ሎን_ኦፊሰር_ነኝ (ስፕሪንግፊልድ)

«ዳውን ፔይመንቱን ከየት አመጡት» የሚለው ጥያቄ በእኛ ሰው ዘንድ ቀላል ጥያቄ ስላልሆነ እኔም ልጨምር። መልሱ ብዙ ጊዜ ዕቁብ ነው።

ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት ይጠይቃል። እዚያ ላይ ድንገት የገባ ከፍ ያለ ገንዘብ ካየ ምንጩን ይጠይቃል። ይሄኔ ዘመድ ጓደኛው «ዕቁብ አትበል፤ ወንድሜ የሰጠኝ ስጦታ ነው በል» ብሎ ይመክራል። የስጦታ ደብዳቤው ላይ የሚፈረመው «ይህ ገንዘብ አይመለስም» ተብሎ ነው። ሰውየው በየወሩ ዕቁቡን እየከፈለ «ስጦታ ነው» ብሎ ከፈረመ ለባንክ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ይህ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

የሚያሳዝነው ውሸቱ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ፋኒ ሜ (የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ድርጅት) በመመሪያው እንዲህ ያለውን የጋራ ቁጠባ ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል። የሚፈለገው ዕቁቡን የሚመራው ሰው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥና ደንበኛው በየጊዜው ይከፍል እንደነበር ማስረጃ እንዲኖር ነው። ዕቁቡ ቀድሞ ደርሶት ገና የሚከፍለው ከቀረ ደግሞ ያ ክፍያ ከወርሃዊ ዕዳው ጋር ይታሰባል። በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የከፈለበት ታሪክ ተመዝግቦ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ለዳኛው ሲሰጥ የኖረ ግን ይቸገራል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከአሁኑ ዕቁቡን በባንክ ይክፈል።

ወደ እናንተ ጉዳይ ስመጣ፣ ደንበኛውን የላከው ሰው ራሱ የዕቁቡ ዳኛ ሊሆን ይችላል። አጋጥሞኛል። ያን ጊዜ ኤጀንቷ ደውላ «ጋሼ፣ ለእገሌ ደብዳቤ ይጻፉለት» ካለች የደንበኛውን ነገር አወጣች ማለት ነው። ደብዳቤውን ደንበኛው ራሱ ይጠይቅ፣ ራሱ ያምጣ።

እውነቱን_እናውራ

ሁላችሁም ወረቀት ላይ ያለውን ነው የምታወሩት። ገበያው ላይ ግን 500 ዶላር በእጅ የሚሰጥ ሞልቷል። ካልሰጠሽ ሰውየው ነገ ለሚሰጠው ይልካል። እሷም ሥራ አጥታ ትቀመጣለች። ጥሬ ገንዘብ ማን ያውቀዋል?

ሃያ_ዓመት_በሪልተርነት (ፌርፋክስ)

ማን ያውቀዋል? ሁሉም ያውቀዋል ወንድሜ። የተቀበለው ሰው ለሚስቱ ይናገራል፤ ሚስቱ ልደት ላይ ለጓደኛዋ ታወራለች፤ ከዚያ ገዢው ጆሮ ይደርሳል። ቤት ገዝተው ደስ ብሏቸው የነበሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ራሴ ሰምቻለሁ፦ «በእኛ ነገዱብን» ነው ያሉት። ቀጥሎ የሚጠራጠሩት የገዙበትን ዋጋ ነው። «ለእሱ የሚሰጠውን ጨምረው ይሆን?» ይላሉ። ያች ኤጀንት ያንን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ዘመዳቸውን አጣች።

የሚሰጥ ሞልቷል ያልከው እውነት ነው፣ አለ። በ500 ዶላር የመጣ ሰው ግን 700 ወዳቀረበው ይሄዳል። እኔ ዘንድ የሚመጣው «እሷ ኢንስፔክሽኑ (የቤት ፍተሻው) ላይ ጣሪያው አርጅቷል ብላ እንዳልገዛው አደረገችኝ» ሲባል የሰማ ሰው ነው። ያንን ገንዘብ አያመጣውም።

እባክህን ለአዳዲሶቹ ይህን አትምከራቸው። ላይሰንሱን ያገኙት ታክሲ እየነዱ፣ ማታ እየተማሩ ነው።

ጋርላንድ_ቴክሳስ

እኛ ጋ የስቴቱ ደንብ ላይሰንስ ለሌለው ሰው እስከ 50 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በስጦታ መስጠትን ይፈቅዳል። ጥሬ ገንዘብ ግን አይቻልም። ሜሪላንድ ምን እንደሚል ብሮከርሽን ጠይቂ።

የአሌክሳንድሪያው

የቴክሳሱ ወንድም፣ ያ የስቴቱ ደንብ ነው፤ ሬስፓ ከላይ እንዳለ ነው። ሬስፓ ዋጋ ያለው ነገር ሲል ትንሽ ብሎ የለየው የለም። «ሰው ለላከልኝ ሁሉ ይህን እሰጣለሁ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ እዚያም ቢሆን አያዋጣም።

በነገራችን ላይ ወደ እኛ የሚመጣውም ያው ነው። «አንድ ሰው በላክህልኝ ቁጥር አመሰግንሃለሁ» የሚል ሌንደር (አበዳሪ) እና የታይትል ኩባንያ (የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራው) ሰው ይደውላል። አትቀበሉ። ለደንበኛ ሁለት ሦስት ስም ስጡትና ራሱ ያወዳድር።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ሁለተኛውን ሰው በስልክ አነጋገርኩት። ከሌላዋ ኤጀንት ጋር የፈረምከው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ቤት ለማየት አንድ ወረቀት ፈርሜ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አላነበብኩትም» አለኝ። አሁንስ?

ሃያ_ዓመት_በሪልተርነት (ፌርፋክስ)

ያ ወረቀት የገዢ ውል ነው። ከኦገስት 17 ቀን 2024 (በፈረንጆች) ወዲህ ሪልተር ገዢውን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት ማስፈረም ግዴታው ሆኗል፤ ስለዚህ ቤት ካየ ፈርሟል ማለት ነው። ውሉን ኮፒ አድርጎ እንዲልክልሽ አትጠይቂው፤ «ቤትህ ያለውን ወረቀት አንብበው፤ እስከ መቼ እንደሚቆይና ስንት እንደሚከፈል እይ» በይው። ውሉ ካላለቀ አንቺ ስለ ቤት ልታወሪው አይገባም። በዚች እህት ቅር ያለው ነገር ካለ መጀመሪያ ለራሷ፣ ካልሆነም ለብሮከሯ ይናገር። ውሉን አፍርሱልኝ ብሎ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ይህን የምልሽ ሕጉ ስላለ ብቻ አይደለም። እኛ ስንት ነን? በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አምስት ስድስት ኤጀንት አለ። ዛሬ የእሷን ደንበኛ ብትወስጂ ነገ እሷ ለሽያጭ በያዘችው ቤት (ሊስቲንግ) ላይ ኦፈር ስታቀርቢ ፊቷን አስቢው። ለጋሼም እንዲህ በያቸው፦ «ልጅቷም የሰው ልጅ ናት፤ ብዙ ቅዳሜና እሁድ ይዛው ዞራለች። ሰው በእኔ ላይ እንዲህ ቢያደርግብኝ እርስዎ ያዝኑልኝ ነበር።»

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

እሺ። ወደ እሷ መለስኩት።

ጀርመንታውን_ነኝ

ሌላ አስቸጋሪ ነገር ላንሳ፣ ከርዕሱ ስለማይርቅ። አንድ የማከብራቸው ሰው ደውለው «ሰው ልልክልህ ነው፤ ግን ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አታሳየው፤ ልጆቹን ከዚያ ማራቅ ይፈልጋል» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ቤዝመንቱን ሊያከራይ «ሐበሻ ብቻ፣ ልጅ የሌላት ብትሆን ጥሩ ነው» ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የአሌክሳንድሪያው

እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። የ1968ቱ የፌር ሃውዚንግ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በመጡበት አገር፣ በፆታ፣ በአካል ጉዳትና በልጅ ምክንያት መለየትን ይከለክላል። ገዢውን በነዋሪው ማንነት ሰፈር መርጠህ ከመራኸው ራስህ ጥፋተኛ ነህ። እኔ የምለው «ሰፈሩን አንተ ንገረኝ» ብቻ ነው። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወንጀል፣ ስለ መንገድ መረጃ የሚያገኝበትን ድረ ገጽ እሰጠዋለሁ፤ ራሱ አይቶ «በርተንስቪል አሳየኝ» ሲል አሳየዋለሁ።

ስለ ቤዝመንቱ፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ትንሽ ቤት በፌዴራሉ ሕግ የተወሰነ ነፃነት አለው። ማስታወቂያው ላይ ግን ነፃነት የለውም። «ሐበሻ ብቻ» ብለህ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፍለት።

የሀያትስቪሏ

የእኔን ስሙልኝ። አንድ አባት ሻጩንም ገዢውንም ላኩልኝ፤ ሁለቱም የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው። «ልጆቼ ናቸው፤ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል፣ አንቺው ጨርሽላቸው» አሉኝ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኤጀንት ለሁለቱም ወገን መቆም አይችልም፤ የሚችሉት በአንድ ብሮከር ሥር ያሉ ሁለት ኤጀንቶች ናቸው፣ ያውም ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ፈቅደው ነው። ለአባታችን «አባ፣ ሻጩ ከፍ ያለ ዋጋ ይፈልጋል፤ ገዢው ዝቅ ያለ ይፈልጋል፤ ለአንዱ ስቆም ሌላውን እበድላለሁና ሁለቱንም መበደል ይሆንብኛል» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ሻጩን ያዝኩ፤ ገዢው ሌላ ቢሮ ያለ ኤጀንት ያዘ።

ሎን_ኦፊሰር_ነኝ (ስፕሪንግፊልድ)

የሀያትስቪሏ ትክክል ነሽ። እኔ የማየው ደግሞ ቤት ለመግዛት ገና ያልደረሰ ሰው ሲላክ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ሌሊትና ቀን ኡበር ይነዳል። ታክሱን ሲያሠራ ግን ወጪውን አብዝቶ አስቀንሷል። ባንኩ የሚያየው ከወጪ በኋላ የቀረውን፣ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመቱን አማካይ ነው። 80,000 ዶላር አስገብቶ 28,000 ያሳየ ሰው በ28,000 ነው የሚለካው። ያንን ሲሰማ ያፍራል። የላከው ሰው ደግሞ «ለምን ቤት አላገኛችሁለትም?» ብሎ ይጠይቃል።

ለላኪው «እየተነጋገርን ነው» ከማለት አትለፉ። ለሰውየው ግን የሚቀጥለው ዓመት ታክስ ምን መምሰል እንዳለበት ቁጭ ብላችሁ ንገሩት፤ ሃድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) የፈቀደላቸው የቤት አማካሪ ድርጅቶች አሉ፤ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ክሬዲቱን ያዩለታል። እንዲህ የሸኘሁት ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሪ አፕሩቫሉን (የብድር ቅድመ ፈቃዱን) ይዞ ሲመጣ እንደማየት ደስ የሚለኝ ነገር የለም።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

አጎታችን ጋ ሄደን ነበር። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ሕጉ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ገቡ። ስንወጣ ግን «ዉድብሪጅ ቤት የምትፈልግ ልጅ አለች፤ ስልክሽን ልስጣት?» አሉኝ። ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ ነው፤ እኔ ደግሞ ላይሰንሴ የሜሪላንድ ብቻ ነው። እንዴት ላድርጋት?

ሃያ_ዓመት_በሪልተርነት (ፌርፋክስ)

ስልክሽን ይስጧት። ስትደውል ቨርጂኒያ ላይ እንደማትሠሪ ንገሪያትና ለምታምኚው የቨርጂኒያ ኤጀንት አስተላልፊያት። ስሟን ከመስጠትሽ በፊት ግን የሪፈራል (ደንበኛ የማስተላለፍ) ስምምነቱ በሁለቱ ብሮከሮች መካከል ይፈረም። የተለመደው ከኤጀንቱ ወገን ኮሚሽን 25 በመቶ ነው፤ በስምምነት ከፍም ዝቅም ይላል። ለስንት ወር እንደሚጸና ይጻፍበት፤ ሰው ቤት ለመግዛት ዓመት ይፈጅበታልና። ለልጅቷም የሪፈራል ክፍያ እንደምታገኚ ንገሪያት፤ ከእሷ ኪስ እንደማይጨመር አስረጂያት። ወደ ክሎዚንግ ሲቃረቡ የብሮከርሽን ደብሊው ናይን (የታክስ መለያ ቅጽ) ላኪላቸው፤ ቼኩ የሚጻፈው በብሮከርሽ ስም ነው።